ከፊርማ በፊት፦ የቤት ግዢ ውልን ከጠበቃ ጋር ስለ መመርመር

(በሕግ ትምህርት ቤቱ ለሕዝብ ክፍት በሆነ የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



ለዛሬው ንግግር የመረጥኩት ርእስ ከሕግ ፍልስፍና ይልቅ ለዕለት ኑሮ የቀረበ ነው። በከተሞቻችን የሚኖር ሰው፣ ከተሳካለት፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ ቤት ይገዛል። ለዚያ ግዢ የሚያወጣው ገንዘብ የሃያ ዓመት ቁጠባ፣ የዕቁብ ገንዘብ፣ የባንክ ብድርና በዐረብ አገር ወይም በአሜሪካ የሚኖር የቤተ ዘመድ እርዳታ ተደማምሮ የተገኘ ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ነው። አንድ የጽሕፈት አገልግሎት ሰጪ ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው ከጻፈው ላይ ስምና ቁጥር ቀይሮ ያወጣዋል፤ ተዋዋዮቹም ደላላው እያጣደፋቸው አንድ ጊዜ አንብበው ይፈርማሉ። ጠበቃ የሚፈለገው ከዚያ በኋላ፣ ጠብ ሲነሣ ነው።

የንግግሬ ፍሬ ሐሳብ አንድ ነው። ጠበቃ የቤት ግዢ ውልን ይመረምራል ስንል የወረቀቱን ዐረፍተ ነገሮች ያርማል ማለታችን ብቻ አይደለም። ዋናው ሥራው በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈውን ማግኘት ነው፤ ይህም በሙሉ ዋጋው የሚሠራው ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ነው።

1. የሚሸጠው ምንድን ነው?

ጠበቃው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ ለገዢው ግልጽ የሚመስለው ነው፦ የሚገዙት ምንድን ነው? በአገራችን መልሱ ቀላል አይደለም። ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 ጀምሮ የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆኗል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40(3) መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ ሻጭ የሚሸጠው ቤቱንና ከቤቱ ጋር የተያያዘውን የቦታ ተጠቃሚነት መብት ነው። ውሉ «ቦታውን ሸጫለሁ» የሚል ከሆነ ችግሩ ከመጀመሪያው መስመር ይጀምራል።

ተጠቃሚነቱ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ቤቱ በነባር ይዞታ ላይ ያረፈ ሊሆን ይችላል፤ በሊዝ ቦታ ላይ የተሠራም ሊሆን ይችላል። ሊዝ ከሆነ ከቤቱ በስተጀርባ ሌላ ውል፣ ማለትም ከከተማው አስተዳደር ጋር የተፈረመ የሊዝ ውል አለ። ያልተከፈለ የሊዝ ዋጋ፣ የግንባታ መጀመሪያና ማጠናቀቂያ ጊዜ፣ የቦታው አገልግሎት ዓይነት በዚያ ውል ውስጥ ተጽፈዋል። ገዢው ያንን ውል ሳያነብ የሽያጩን ውል ብቻ ካነበበ የጉዳዩን ግማሽ ብቻ አንብቧል።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ይነሣል፤ ገዢው ከቤቱ ጋር የጋራ መጠቀሚያዎችን ድርሻና የጋራ ወጪዎችን ግዴታ ይረከባል። በመንግሥት የቤት ልማት መርሐ ግብር በዕጣ የተላለፉ ቤቶች በአዲስ አበባ ለአምስት ዓመት እንዳይሸጡ የተጣለባቸውን ገደብም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ገደቡ ሳያልፍ የሚደረገው «ግዢ» በምን ዓይነት ወረቀት እንደሚሸፈን በኋላ እመለስበታለሁ።

2. መዝጋቢው የገዢው ጠበቃ አይደለም

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ መሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ዘንድ መመዝገብ አለበት። ሕጉ የሚፈልገው አጻጻፍ ካልተጠበቀ ደግሞ ቁጥር 1720 ሰነዱን ከረቂቅ አያሳልፈውም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው አስገዳጅ ውሳኔ የምዝገባውን መስፈርት ለውሉ መጽናት አስፈላጊ አድርጎታል። ከዚያ ወዲህ «በሽማግሌዎች ፊት ተፈራርመናል» ብሎ የሚመጣ ገዢ በእጁ ያለው ውል ነው ወይስ ረቂቅ የሚለው ጥያቄ በብርቱ ይገጥመዋል።

በዚህ ምክንያት ሕዝባችን «ውልና ማስረጃ» የሚለው መሥሪያ ቤት ትልቅ እምነት ተጥሎበታል፤ ተገቢም ነው። መሥሪያ ቤቱ በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት የፈራሚዎችን ማንነት፣ ችሎታና ፈቃድ ያረጋግጣል፤ የባለቤትነትና የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ ይጠይቃል። ነገር ግን ዋጋው ተገቢ ነው ወይ፣ ክፍያው ከርክክቡ ይቀድማል ወይስ ይከተላል፣ የመቀጫው ልክ ለማን ያደላል ብሎ ለገዢው ብቻ አይቆምም። ሊቆምም አይገባውም፤ የሁለቱም ወገኖች መዝጋቢ ነውና። ሰነዱ የተረጋገጠ መሆኑ ሰነዱ ጥሩ መሆኑን አያሳይም። በዚህ ክፍተት ውስጥ የሚቆም ሌላ ሰው ያስፈልጋል፤ እርሱም የገዢው ጠበቃ ነው።

3. ከውሉ በፊት የሚነበቡ ወረቀቶች

አንድ ባልደረባችን ቤት ሊገዛ ሲዘጋጅ ከጠበቃው ጋር ባደረገው ስብሰባ ላይ እንድገኝ ጋብዞኝ ነበር። ጠበቃዋ የውሉን ረቂቅ ተቀብላ ሳታነብ ወደ ጎን አስቀመጠችውና የሌሎች ወረቀቶችን ስም ዘረዘረች። ዝርዝሩን እዚህ ማንሣት የምፈልገው በየቀኑ ከምናስተምረው የሕግ ቁጥር ጋር አንድ በአንድ ስለሚገጥም ነው።

የመጀመሪያው የባለቤትነት ማረጋገጫ ደብተሩና ካርታው ነበር፤ ቅጂውን ሳይሆን ዋናውን፣ ከመዝገብ ቤቱ ፋይል ጋር ተመሳክሮ። በቁጥር 1195 መሠረት የአስተዳደር ክፍል የሰጠው ማስረጃ በስሙ የተሰጠውን ሰው ባለሀብት ያስቆጥረዋል፤ ቁጥር 1196 ግን ይህ ግምት ሊፈርስ እንደሚችል ይነግረናል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ያሰፈረው ሰፊ ክፍል በቁጥር 3363 ምክንያት ተግባራዊነቱ እንዲቆይ መደረጉን የምታውቁ ሁሉ የክፍለ ከተማው ፋይል ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ ትረዳላችሁ።

ሁለተኛው የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ነው። ቤቱ በባንክ መያዣነት ከተያዘ የመያዣው መብት ቤቱን ተከትሎ ወደ ገዢው ይሄዳል። የፍርድ ቤት እገዳ ካለ ስሙ አይዞርም። ማጣሪያው ከሦስት ወር በፊት የተሰጠ ከሆነ ጠበቃዋ እንደሌለ ነው የምትቆጥረው።

ሦስተኛው የጋብቻ ጉዳይ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚሸጠው በሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት ነው። ያልተስማማው ተጋቢ በአንቀጽ 69 መሠረት ውሉ እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችላል፤ ጊዜውም መዋዋሉን ካወቀ ስድስት ወር፣ ያም ሆነ ይህ ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ነው። ጠበቃዋ በዚህ ብቻ አላበቃችም። «ያላገባ» የሚል ማስረጃ ቢቀርብም ሻጩ ከሦስት ዓመት ያላነሰ ጊዜ ከሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ኖሮ እንደሆነ ጠየቀች፤ በአንቀጽ 102 መሠረት በዚያ ጊዜ የተፈራው ሀብት የጋራ ሊሆን ስለሚችል። ይህን ጥያቄ የሚመልስ ማኅተም ያለው ወረቀት የለም። የሚመልሱት ጎረቤት፣ ዕድርና የቤቱ ተከራዮች ናቸው።

አራተኛው የውርስ ጉዳይ ነበር። በባልደረባችን ጉዳይ ቤቱ የሻጩ አባት ነበረ፤ ደብተሩ ወደ ሻጩ ስም የዞረው በወራሽነት ማስረጃ ነው። ጠበቃዋ የወራሽነት መዝገቡን ስታስወጣ በውጭ አገር የምትኖር እኅት እንዳለች ታወቀ። ሽያጩ አልቀረም፤ እኅትየው ልዩ ውክልና እስክትልክ ድረስ ለሁለት ወር ዘገየ እንጂ። ደላላው በእነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ ቤቱ ለሌላ እንደሚሸጥ ደጋግሞ ቢያስጠነቅቅም አልተሸጠም። እኅትየው የተገኘችው ከተከፈለ በኋላ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሁለት ወራት የዓመታት ክርክር በሆኑ ነበር።

4. ውሉ ሲነበብ

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። በውሉ ውስጥ ካሉት አንቀጾች ሁሉ ትልቁን ጉዳት ሲያደርሱ የማያቸው አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ቀብድ ነው። ብዙ ገዢ ቀብድ ሲከፍል ሻጩን ያሰረው ይመስለዋል። ሕጉ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ይላል። በቁጥር 1883 መሠረት ቀብድ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው፤ በቁጥር 1885 ግን ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ቀብድ ሰጪው ቀብዱን ለቆ፣ ቀብድ ተቀባዩ ደግሞ እጥፉን መልሶ ውሉን መተው ይችላል። እንበል የቤቱ ዋጋ 6 ሚሊዮን ብር፣ ቀብዱ 200 ሺህ ብር ነው። በሁለት ወር ውስጥ ሌላ ገዢ 7 ሚሊዮን ብር ቢያቀርብ ሻጩ 400 ሺህ ብር መልሶ ይወጣል። ከዚህ ውስጥ ከራሱ ኪስ የሚወጣው 200 ሺህ ብቻ ነው፤ ትርፉ 800 ሺህ ብር ነው። የቀብዱ ወረቀት ያልተመዘገበና ከረቂቅ ያላለፈ ነው ከተባለ ደግሞ እጥፉም ይቀርና የተቀበለውን መመለስ ብቻ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፤ «ይህ ክፍያ የዋጋው ቅድሚያ ክፍያ እንጂ ውሉን ለመተው መብት የሚሰጥ ቀብድ አይደለም» የሚል መስመር። ያንን መስመር የሚያስገባው ግን ቁጥር 1885ን የሚያውቅ ሰው ነው።

ሁለተኛው ዋጋው ነው። ግብር ለመቀነስ ሲባል በሚመዘገበው ውል ላይ ዝቅተኛ ዋጋ መጻፍ በከተሞቻችን የተለመደ ነገር ሆኗል። ሕገ ወጥ መሆኑን ለጊዜው ወደ ጎን ትተን ገዢውን ብቻ እንመልከት። በቁጥር 2005 መሠረት የተጻፈ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ስለያዘው ስምምነት ሙሉ እምነት የሚጣልበት ማስረጃ ነው፤ በቁጥር 2006 መሠረት ደግሞ ቃሉን በምስክር ማፍረስ በመርሕ ደረጃ አይቻልም። ስለዚህ 6 ሚሊዮን ከፍሎ 2 ሚሊዮን ያስጻፈ ገዢ ውሉ አንድ ቀን ቢፈርስ የሚመለስለት 2 ሚሊዮኑ ነው። ሻጩ በግብር ያተረፈውን ገዢው በዋስትና ከፍሎታል። ይህን የሚመክር ጠበቃ ካጋጠማችሁ ሌላ ጠበቃ ፈልጉ።

ሦስተኛው የክፍያና የርክክብ ቅደም ተከተል ነው። ጥሩ ውል ገንዘቡንና መብቱን ጎን ለጎን ያስኬዳል፤ የተወሰነው በምዝገባው ቀን በሲፒኦ፣ የተወሰነው ስም ሲዞር፣ ትንሽ ቀሪው የመብራት፣ የውሃና የግብር ዕዳ ተጣርቶ ቁልፍ ሲረከቡ። ከዚህ ጋር የስም ማዞሪያ ወጪንና የካፒታል ዋጋ ዕድገት ግብርን ማን እንደሚከፍል በስም መጻፍ ያስፈልጋል። «በሕጉ መሠረት ይከፈላል» የሚለው ሐረግ ጠቡን ወደ ነገ ያስተላልፈዋል እንጂ አይዘጋውም።

አራተኛው ገደብ ወይም በተለምዶ መቀጫ የምንለው ነው። ሚሊዮኖች በሚያወጣ ቤት ውል ላይ «ውሉን ያፈረሰ ወገን 100 ሺህ ብር ይከፍላል» ተብሎ ሲጻፍ ለሁለቱም ወገን እኩል ይመስላል። ዋጋው በሚንር ገበያ ግን የሚጠቅመው ሻጩን ነው። በቁጥር 1892 መሠረት ገደቡን ለማግኘት ጉዳት መድረሱን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጉዳቱ ከገደቡ ሲበልጥ ግን ትርፉን ለመጠየቅ የሻጩን የመጉዳት ሐሳብ ወይም ከባድ ጥፋት ማስረዳት ይጠይቃል። ስለዚህ ትንሽ ገደብ ጣሪያ ይሆናል።

5. ገና ያልተሠራ ቤት

ከሪል ስቴት አልሚዎች የሚገዙ ቤቶች ራሱን የቻለ ትኩረት ይፈልጋሉ፤ ብዙዎቹ በሚፈረምበት ቀን የሉምና። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2876 እንዲህ ያለውን ውል እንደ ሽያጭ ሳይሆን የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ ውል አድርጎ ይቆጥረዋል። ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሥራ ተቋራጩ በቁጥር 3039 መሠረት ለሥራው ደኅንነትና ጽናት የአሥር ዓመት ዋስትና ይሰጣል። አልሚው ያዘጋጀው ባለ ሠላሳ ገጽ ውል «የአንድ ዓመት ዋስትና» ሲል ጠበቃው ይህን ሕግ አውጥቶ መጠየቅ አለበት።

ሌላው የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ይህ አንቀጽ የብዙ ቤተሰብ ራስ ምታት ሆኗል። መርሑ ግልጽ ነው፤ በቁጥር 1763 እና 1764 መሠረት አፈጻጸሙ ከታሰበው በላይ ስለከበደ ብቻ ውል አይለወጥም፤ ዳኛም በርትዕ ስም አይለውጠውም። ስለዚህ በውሉ ውስጥ የማስተካከያ አንቀጽ ከሌለ የተጻፈው ዋጋ ይጸናል። አንቀጹ ካለ ግን ያ አንቀጽ ራሱ ሕግ ነው። ከየትኛው ቀን የምንዛሪ ተመን ጋር? በምን መጠን? ጣሪያ አለው? ቀድሞ የተከፈለውን ገንዘብ ይነካል? እነዚህን አራት ጥያቄዎች የማይመልስ የማስተካከያ አንቀጽ ባዶ ቼክ ነው።

አልሚው ቢዘገይ ወይም ውሉ ቢፈርስ ምን እንደሚመለስም ይታይ። ውሉ ዝም ካለ የሚገኘው ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። ግሽበቱ ከዚያ በብዙ በሚበልጥባቸው ዓመታት ገንዘቡ የሚመለሰው በቁጥር ሙሉ፣ በመግዛት አቅም ጎዶሎ ሆኖ ነው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የሪል ስቴት ልማትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግመታ አዋጅ ዘርፉን ሥርዓት ለማስያዝ የወጣ ነው፤ ነገር ግን አዋጅ የእያንዳንዱን ገዢ ውል አያነብለትም።

6. በውክልና የሚገዛ ቤት

ቀደም ሲል የጠቀስኩት እዚህ ላይ ይመጣል። የመሸጫ ጊዜው ያልደረሰ ቤት ወይም ስሙ ሊዞር ያልቻለ ቤት ሲሸጥ ገዢው ሙሉ ገንዘብ ከፍሎ በእጁ የሚይዘው ውክልና ነው። አንዳንዴም የብድር ውል ይታከልበታል። በቁጥር 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ በቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ከዚህ የሚከፋው ግን ቁጥር 2232 ነው፤ ተቃራኒ ነገር ካልተስማሙ በስተቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። ወካዩ ሊሽረውም ይችላል። እናም ገዢው ከሻጩ ልጆች ጋር ይፋጠጣል፤ እነርሱ ወራሾች ናቸው፤ እርሱ ግን የአንድ ሟች ወኪል ነበር። ሐቀኛ ጠበቃ ለዚህ ዓይነቱ ግዢ የሚሰጠው ምክር «አይግዙ» ነው። ደንበኛው ለመስማት የመጣው ይህን አይደለም፤ የጠበቃው ነጻነት የሚፈተነውም እዚህ ነው።

7. ከጠበቃ ጋር እንዴት ይሠራል?

ጠበቃው በገዢው የተመረጠ ይሁን፤ ደላላው ወይም ሻጩ ያመጣው አይሁን። ፈቃዱ ይጠየቅ፤ የፌዴራል የጥብቅና አገልግሎትን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። ለሁለቱም ወገን አንድ ጠበቃ ወጪ ይቆጥባል ይባላል፤ ነገር ግን ገደቡ ከፍ ይበል ወይስ ዝቅ በሚለው ጥያቄ ላይ አንድ ሰው ለሁለት ጌታ መቆም አይችልም። ክፍያው በተወሰነ ዋጋ እንጂ በሽያጩ መፈጸም ላይ የተንጠለጠለ አይሁን፤ ሽያጩ ሲፈጸም ብቻ የሚከፈለው ጠበቃ «ተወው» ለማለት ይቸገራል። አስተያየቱን በጽሑፍ ይስጥ።

ገዢውም ግዴታ አለበት። የሚያውቀውን ሁሉ ይንገር፤ በቃል የተገባለትን ሁሉ፣ የውሃ ታንከሩን፣ የመኪና ማቆሚያውን፣ «ተከራዩ በወር ይወጣል» የተባለውን ሳይቀር ያስጽፍ። ጠበቃውን «ውሉ ጥሩ ነው?» ብሎ ከመጠየቅ «ሻጩ ነገ ቢሞት፣ ቢፋታ ወይም ሐሳቡን ቢለውጥ እኔ ምን በእጄ ይቀራል?» ብሎ ይጠይቅ።

ሁለት ተቃውሞዎችን ሁልጊዜ እሰማለሁ። አንዱ ወጪው ነው። ገዢው ግን ለደላላ ከቤቱ ዋጋ በመቶኛ እየታሰበ ሲከፍል አይከራከርም። ሌላው ይሉኝታ ነው፤ ጠበቃ ይዞ መምጣት ሻጩን መጠርጠር ይመስላል። እኔ ግን ጥንቃቄው ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም እላለሁ። በጎንደር ዘመን የነበሩ አባቶቻችን መሬት ሲሻሻጡ ምስክሮችንና ዋሶችን በስም ጠርተው ሽያጩን በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ያስጽፉ ነበር። ያን ያደረጉት ስላልተማመኑ አልነበረም፤ ተማምነው የተዋዋሉት ሰዎች እንደሚሞቱና ልጆቻቸው እንደሚቀሩ ስለሚያውቁ ነበር።

በመጨረሻ ወደ እናንተ ወደ ተማሪዎቼ ልመለስ። በውል ሕግ ትምህርታችን የምናነበው በአብዛኛው የተበላሸ ውል ነው፤ የሰበር ውሳኔዎቹ ሁሉ የጠብ ታሪክ ናቸውና። በዚህም ምክንያት የተመራቂዎቻችን ዓይን ሙግት ፈላጊ ይሆናል። ፍርድ ቤት ያልደረሰው ውል በመጽሐፍ አይታተምም፤ ያንን ውል ያዳነው ጠበቃም ስሙ አይጠራም። ሆኖም በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ለአንድ ቤተሰብ የምታደርጉት ትልቁ ነገር ችሎት ፊት የምታሸንፉት ክርክር ላይሆን ይችላል። ደላላ በር ላይ ቆሞ «ቶሎ በሉ» እያለ ሳለ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጋችሁ «በመጀመሪያ ደብተሩን አሳዩኝ» ማለታችሁ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሴሚስተር በነጻ የሕግ ድጋፍ አገልግሎት የምትሠሩ ተማሪዎች ክስ ያዘለ ፋይል ብቻ ሳይሆን ያልተፈረመ ውል ይዞ የሚመጣ ሰውንም በእኩል ክብር እንድትቀበሉ እጠይቃለሁ።